የጋይንት ውሾች፣ የጉና ቀበሮ እና የዳይኖሰር «ብልህነት»

አጎቴ ድጓ የተማሩት ቤተ ልሔም ነው፤ የይሁዳዋ ሳትሆን የጋይንቷ፣ ድጓ የሚመሰከርባት ቤተ ልሔም። ስለ ተማሪነታቸው ሲያወጉን ግን ከዜማው ቀድሞ የሚመጣው የውሻው ጉዳይ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ የሚዞር የቆሎ ተማሪ ከርሃብ ቀጥሎ የሚፈራው ውሻ ነው። «አንዱ ከፊት ይጮህብሃል፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ያላየኸው ደግሞ ከኋላ መጥቶ ባትህን ይይዝሃል» ይላሉ።

ልጅ ሆኜ «ተማክረው ነው እንዴ የሚመጡብዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «ውሻ ምን ምክር ያውቃል! አንዱ ዱላዬን ፈርቶ ራቅ ብሎ ይቆማል። የሚቀጥለው ጓደኛው በቆመበት አይቆምም፤ ክፍት ቦታ ፈልጎ ይዞራል። ሦስተኛውም እንደዚያው። እነሱ አልከበቡኝም፤ እኔ ተከብቤ ተገኘሁ እንጂ።»

ይህችን መልስ የሚያህል የሳይንስ ትምህርት በልጅነቴ አልሰማሁም። ያኔ ግን አልገባኝም ነበር። የገባኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ስለ ዳይኖሰር ሳነብ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አንድ በጣም የተለመደ ጥያቄ ነው፦ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች በመንጋ ለማደን የሚያበቃ ብልህነት ነበራቸው ወይ? ተማሪዎች ይጠይቁናል፣ ዘጋቢ ፊልሞች ይጠይቃሉ፣ ተመራማሪዎችም ይጨቃጨቁበታል። አንዱ «አዎ፣ እንደ ተኩላ ነበሩ» ይላል። ሌላው «የለም፣ እንደ አዞ ደንቆሮ ነበሩ» ይላል። እኔ ሁለቱንም መልሶች ሳይሆን ጥያቄውን ነው መተቸት የምፈልገው። ጥያቄው በመንጋ ማደን የብልሆች ሥራ ነው ብሎ ይነሳል። እስቲ ይህ እውነት መሆኑን እንመርምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከየት መጣ?

አብዛኞቻችን ነገሩን ያገኘነው ከሲኒማ ነው። እኔ ራሴ «ጁራሲክ ፓርክ»ን ያየሁት ነፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ በአንድ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቄ ነው። ፊልሙ የወጣው በ1993 ነው፤ በማይክል ክራይተን የ1990 ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ ስቲቨን ስፒልበርግ የሠራው። አንዱን ትዕይንት የረሳው ሰው ያለ አይመስለኝም። ልምድ ያለው አዳኝ ጠመንጃውን ይዞ ፊት ለፊቱ ያለችውን ቬሎሲራፕተር ያነጣጥራል። በዚህ መሐል ሌላዋ ከጎኑ፣ ከቅጠሉ ውስጥ ብቅ ትላለች። አለቀለት። ቪዲዮ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ሁላችንም የተረዳነው አንድ ነገር ነው፦ እነዚህ ፍጥረቶች ተመካክረዋል፤ አንዷ አታላይ፣ ሌላዋ ገዳይ ሆና ሥራ ተከፋፍለዋል።

አሁን ግን ትዕይንቱን ከአጎቴ ወግ ጋር አስተያዩት። አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከጎን። የጋይንት ውሾች በየቀኑ የሚያደርጉት ነው። ለውሻው «ምክር የለውም» ያልነውን ለዳይኖሰሩ «ብልህ ነው» አልን። ልዩነቱ በእንስሳቱ ሳይሆን በሙዚቃውና በካሜራው ላይ ነው።

ፊልሙ ከባዶ የተነሳ ግን አይደለም፤ ከኋላው እውነተኛ ሳይንስ አለ። የየል ዩኒቨርሲቲው ጆን ኦስትሮም በ1964 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት አንድ ሥጋ በል ዳይኖሰር አገኘ፤ በ1969ም ዳይኖኒከስ ብሎ ሰየመው። ትርጉሙ «አስፈሪ ጥፍር» እንደማለት ነው። የፊልሙ «ቬሎሲራፕተር» በመጠኑም በአኳኋኑም በአብዛኛው ይኸው ዳይኖኒከስ ነው። እውነተኛው ቬሎሲራፕተር ላባ የለበሰ፣ ቁመቱም ከሰው ወገብ የማያልፍ የሞንጎሊያ እንስሳ ነበር። የኦስትሮም ሥራ ታላቅ ነው። ዳይኖሰርን ቀዝቃዛና ደነዝ እንሽላሊት አድርገን እንዳናይ ያደረገን፣ ወፎች የዳይኖሰር ዘር መሆናቸውን አጥብቆ የተከራከረልን እሱ ነው። ይህን ውለታ ሳንዘነጋ ግን የመንጋ አደኑ ሐሳብ በምን ላይ እንደቆመ እንይ።

ጥንብ አንሳዎቹና አህያዋ

የኦስትሮም ማስረጃ ይህ ነበር፦ ቴኖንቶሳውረስ ከሚባል ትልቅ ሣር በል ዳይኖሰር ቅሪተ አካል ጋር የበርካታ ዳይኖኒከሶች አጥንትና ጥርስ በአንድ ቦታ ተገኘ። ዳይኖኒከስ ከአንድ ሰው ክብደት ብዙም አይበልጥም። ያደገ ቴኖንቶሳውረስ ግን ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። አንድ ዳይኖኒከስ ብቻውን ይህን ሊጥል አይችልም፤ ስለዚህ ተባብረው ጥለውታል። ድምዳሜው ይህ ነው። ሲሰሙት ያሳምናል።

እስቲ ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። ጋይንት ውስጥ አንዲት አህያ ሜዳ ላይ ሞታ ብትውል ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ጥንብ አንሳው ሰማዩን ይሞላዋል። ሃያ ሠላሳ ሆነው ይወርዱባታል፤ ይገፋፋሉ፣ ይናከሳሉ፣ አንዱ ሌላውን ይረግጣል። እንበልና በዚያች ሰዓት ናዳ ወርዶ ሁሉንም ቀበራቸው። ከ100 ሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ምን ያገኛል? የአንዲት ትልቅ ሣር በል አጽም፤ ዙሪያዋን ደግሞ መንቁራቸው የተቆለመመ የብዙ ትንንሽ ሥጋ በሎች አጽም። አንድ ጥንብ አንሳ አህያ መጣል አይችልም፤ ስለዚህ ጥንብ አንሳ በመንጋ አህያ ያድን ነበር! ስሌቱ ከኦስትሮም ስሌት አንዲት እርምጃ አይለይም።

በ2007 ብራያን ሮችና ዳንኤል ብሪንክማን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ትችት በሰፊው አቀረቡ። ምሳሌያቸው ጥንብ አንሳ ሳይሆን የኢንዶኔዥያው ትልቅ እንሽላሊት፣ የኮሞዶ ድራጎን ነበር። የኮሞዶ ድራጎኖች አንዱ በገደለው ላይ ይሰበሰባሉ፣ ይጣላሉ፣ ትልቁ ትንሹን እስከ መብላት ይደርሳል። በአንድ ማዕድ መገናኘት ቤተሰብነትን አያሳይም ነው ነገሩ።

ተመሳሳዩ ጥያቄ በትልልቆቹም ላይ ይነሳል። በካናዳ አልበርታ ግዛት ባርነም ብራውን በ1910 አንድ የአጥንት ክምችት አግኝቶ ነበር፤ ፊሊፕ ከሪ ደግሞ በ1997 ቦታውን ዳግም ፈልጎ አገኘው። ክምችቱ የቲ. ሬክስ ዘመድ የሆነው አልቤርቶሳውረስ ነው፤ ከ10 በላይ ሆነው፣ ወጣቱም ሽማግሌውም በአንድ ቦታ። ከሪ ይህን የአብሮ መኖር ምልክት አድርጎ ወሰደው። ሊሆን ይችላል። ግን ድርቅ ሲመጣ እንስሳ ሁሉ ወደ መጨረሻዋ ኩሬ ይሰበሰባል፤ ጎርፍም ሬሳን ከየትም ሰብስቦ አንድ ቦታ ይከምራል። በዩታ የሚገኘው ክሊቭላንድ ሎይድ የተባለው ክምችት ቢያንስ 46 አሎሳውረሶች ይዟል፤ እነዚህ ሁሉ አንድ መንጋ ነበሩ የሚል ሰው ግን ብዙ አታገኙም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን እንለይ። አብሮ መሞት አንድ ነገር ነው። አብሮ መኖር ሌላ ነው። አብሮ ማደን ደግሞ ሦስተኛ ነው። አጥንት የሚነግረን በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው። በቻይና ሻንዶንግ የተገኙ፣ ስድስት ዱካዎች ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱበት የራፕተር ዘመዶች አሻራ ሁለተኛውን ሊነግረን ይችላል። ሦስተኛውን በቀጥታ የሚነግረን ግን እስካሁን የለም። እንዲያውም እየተናነቁ በአሸዋ የተቀበሩት የሞንጎሊያዎቹ ዝነኛ ቅሪተ አካሎች፣ በ1971 የተገኙት ቬሎሲራፕተርና ፕሮቶሴራቶፕስ፣ አንድ ለአንድ ነበሩ። ረዳት የለ፣ ከባቢ የለ።

ጥርስ ምን ይላል?

በ2020 ጆሴፍ ፍሬደሪክሰንና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ ሞከሩ። የዳይኖኒከስን ጥርሶች ወስደው በውስጣቸው ያለውን የካርቦን አይሶቶፕ ለኩ። መርሁ ቀላል ነው፦ የምንበላው ነገር በጥርሳችን ውስጥ ኬሚካላዊ ፊርማውን ይተዋል። እንደ ተኩላ በመንጋ አድነው ልጆቻቸውን የሚመግቡ እንስሳት ትልቁም ትንሹም የሚበላው አንድ ስለሆነ ፊርማው ይመሳሰላል። እንደ አዞ ልጁ ራሱን ችሎ የሚኖር ከሆነ ግን ትንሹ ትንሽ ነገር፣ ትልቁ ትልቅ ነገር ስለሚበላ ፊርማው ይለያያል። የዳይኖኒከስ ጥርሶች ተለያዩ። ትንንሾቹ የሚበሉት ከትልልቆቹ የተለየ ነበር።

ጥሩ ጥናት ነው፤ ስለ አኗኗር የሚፈተን ነገር አምጥቷልና። ነገር ግን አንዳንድ ጋዜጦች እንደዘገቡት «ዳይኖኒከስ በመንጋ አያድንም ነበር» ማለት አይደለም። የሚለው ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ከአደናቸው አያካፍሉም ነበር ነው። ልጆቻቸውን የማይመግቡ ትልልቆች እርስ በርስ ተባብረው ሊያድኑ አይችሉም የሚል ሕግ የለም። የተመታው «እንደ ተኩላ ቤተሰብ» የሚለው ሥዕል ነው፤ እሱ ደግሞ ፊልሙ የሸጠልን ሥዕል ነው።

«በእኛስ አገር?» ለሚል አንባቢ፦ የጋይንትና የእስቴ ደጋ ከላይ የለበሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጉና ራሱ ከዚያ በኋላ የተፈጠረ እሳተ ገሞራ ነው። ዳይኖሰር ደግሞ የጠፋው ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ጉና ላይ አትፈልጉት፤ ድንጋዩ ለዳይኖሰር በጣም ልጅ ነው። ዓባይ ይህን ድንጋይ ቆርጦ በወረደበት ሸለቆ ግን የዳይኖሰር ዘመን ደለል ይታያል። ሙገር በሚባለው የሸለቆው ጭቃ ድንጋይ ውስጥ የሥጋ በል ዳይኖሰሮች ጥርሶች ተገኝተው ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ በ1999 አሳትመዋል፤ ዕድሜያቸው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ነው። ጥርሶቹ ሥጋ በል እንደነበረ ይናገራሉ። ብቻውን ያድን ነበር ወይስ ከወንድሞቹ ጋር? ነጠላ ጥርስ ይህን አይመልስም።

ቲ. ሬክስ እና ዝንጀሮ

አጥንቱ ካልመለሰ ወደ አንጎሉ እንሂድ ያሉም አሉ። በ2023 መጀመሪያ ሱዛና ኸርኩላኖ ሁዘል የተባለች እውቅ የአንጎል ተመራማሪ አንድ ስሌት አወጣች። የዛሬ ወፎችን አንጎል መነሻ አድርጋ የቲ. ሬክስ የፊት አንጎል ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ሴል ነበረው አለች፤ ይህም ከዝንጀሮ ጋር ያስተካክለዋል። ዜናው ዓለምን ዞረ። ዝንጀሮን የሚያህል ብልህነት ያለው፣ ስድስት ሰባት ቶን የሚመዝን አውሬ!

በ2024 ካይ ካስፓርና ሌሎች ከልዩ ልዩ ሙያ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች መልስ ሰጡ። ዋናው ነቀፋቸው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የዳይኖሰር አንጎል የራስ ቅሉን ባዶ ቦታ እንደ ወፍ አንጎል ጠቅጥቆ አይሞላም፤ እንደ አዞ ብዙ ትርፍ ቦታ ይተዋል። ስለዚህ አንጎሉ ከተገመተው ያነሰ ነው፤ ሴሎቹም ከወፍ ይልቅ እንደ አዞ የሳሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የሴል ቁጥር ብቻውን ስለ ባህርይ ብዙ አይነግርም።

በመጀመሪያው ነቀፋ ላይ ሊቃውንቱ ገና ይከራከሩበት። ለእኛ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ ለዚህም ከዝንጀሮ የበለጠ ምስክር የለም። እሺ፣ ስሌቱን በሙሉ ተቀበልን እንበል። ቲ. ሬክስ እንደ ዝንጀሮ ብልህ ነበር። ታዲያ ዝንጀሮ በመንጋ ያድናል? የሰሜን ደጋ ሰው በገደሉ ላይ የሚያየው ጭላዳ በመቶዎች ሆኖ ይሰበሰባል፤ የዘመድ ቁጥሩን ያውቃል፤ ይቀያየማል፣ ይታረቃል። ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ግን ቁጭ ብሎ ሣር መንጨት ነው። የቆላው ዝንጀሮም አልፎ አልፎ ጥንቸል ወይም የሚዳቋ ግልገል ቢይዝ አጋጣሚ አግኝቶ ነው እንጂ የመንጋ አዳኝ ሆኖ አይደለም። ያ ሁሉ የነርቭ ሴል ወደ መንጋ አደን አላደረሰውም። አንጎሉ ቢኖርም ሆዱ አልጠየቀውማ።

ትንሽ አንጎል፣ ትልቅ አደን

ተቃራኒውንም እንይ። በክረምት መንገድ ላይ የጉንዳን ሠራዊት ያጋጠመው ሰው ዘሎ ማለፍን ያውቃል። ጉንዳን በሺህና በሺህ ሆኖ ይዘምታል፣ ከራሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ነፍሳት ይጥላል፣ ቆራርጦ ይሸከማል። የመንጋ አደን ይህ ካልሆነ ምን ይሆናል? የጉንዳን አንጎል ግን ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም።

ጣና ላይ ነጫጭ ፔሊካኖችን አይታችሁ ከሆነ ደግሞ የዳይኖሰር ዘሮች ተባብረው ሲያድኑ አይታችኋል ማለት ነው። በግማሽ ክብ ተሰልፈው ይቀዝፋሉ፣ ዓሣውን ወደ መሐል ይገፉታል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መንቁራቸውን ይነክራሉ። ፔሊካን በብልህነቱ የተመሰገነበትን ቀን አላውቅም። በአሜሪካ በረሃ የሚኖረው የሃሪስ ጭልፊትም በቤተሰብ ሆኖ ጥንቸል ያድናል፤ ጄምስ ቤድናርዝ በ1988 ይህን በዝርዝር አሳይቷል። አዞዎች ሳይቀሩ ዓሣ ከብበው ሲያድኑ መታየታቸውን ቭላዲሚር ዲኔትስ በ2015 ጽፏል። «እንደ አዞ ደንቆሮ ስለነበሩ በመንጋ አያድኑም» ለሚለው ወገን ይህ ጥሩ ዜና አይደለም።

ወደ አጎቴ ውሾች እንመለስ። በ2011 ሙሮ፣ ኮፒንገርና ባልደረቦቻቸው በኮምፒውተር የተኩላ መንጋ ሠሩ። ለእያንዳንዱ ተኩላ የሰጡት ሁለት ሕግ ብቻ ነው፦ አደጋ ወደማያገኝህ ርቀት ድረስ ወደ ታዳኙ ቅረብ፤ እዚያ ስትደርስ ደግሞ አጠገብህ ካለው ጓደኛህ ራቅ በል። መሪ የለም፣ ምልክት የለም፣ ዕቅድ የለም። ውጤቱ ምን ሆነ? የኮምፒውተሩ ተኩላዎች ታዳኙን ተከታትለው ከበቡት፤ አንዳንዴም አድፍጦ የሚጠብቅ የሚመስል ተኩላ ተፈጠረ። አጎቴ ያለ ኮምፒውተር የደረሱበት ይኸው ነው፦ ዱላውን ፈርተህ ቁም፤ ጓደኛህ በቆመበት አትቁም።

ይህ ማለት እውነተኛ ተኩላ አያስብም ማለት አይደለም። ከበባን ስላየን ብቻ «አስበዋል» ማለት አንችልም ማለት ነው። የፊልሙ ታላቅ ማስረጃ እዚህ ላይ ፈረሰ።

የጉናው ቀበሮ

አሁን ወደ ጠንካራው ምስክሬ ልምጣ። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር፣ በዓለም ላይ ከቀሩት ሥጋ በሎች ሁሉ በቁጥር እጅግ ካነሱት አንዱ ነው፤ ያደጉት ከ500 አይበልጡም። ዘሩ ከተኩላና ከውሻ ወገን ነው። በመንጋ ይኖራል፤ ክልሉን በመንጋ ዞሮ ይጠብቃል፤ ጠዋትና ማታ ተሰባስቦ ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ቡችሎቹን መንጋው ሁሉ ተባብሮ ይመግባል። ለመንጋ አደን የሚያስፈልገው አንጎልም ማኅበራዊ ኑሮም ተሟልቶለታል።

የሚያድነው ግን ብቻውን ነው። ጠዋት ሰላም ተባብለው ይበተናሉ፤ እያንዳንዱ በየፊናው አይጥና ፍልፈል ፍለጋ ይሄዳል። ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪና ዳዳ ጎቴሊ በባሌ ባደረጉት ጥናት ከምግቡ እጅግ አብዛኛው አይጥና የአይጥ ወገን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ አይጥ ለስድስት አይካፈልም፤ ስድስት ሆኖ መሄድም አይጧን ወደ ጉድጓዷ ማባረር ነው። አልፎ አልፎ ግን ጥንቸል፣ ሽኮኮ ወይም የደጋ አጋዘን ጥጃ ሲገኝ ሁለት ሦስት ሆነው ሲያድኑ ታይተዋል። ችሎታው አለ፤ የሚጠራው ግን አደኑ ነው።

እንዲያውም ለቀይ ቀበሮ የራሱ ወገን ሳይሆን ጭላዳ ይጠቅመዋል። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ በመንዝ ጓሳ አይተው በ2015 እንዳሳተሙት፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሐል ቀስ ብሎ እየተራመደ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ። ጭላዳው አልተባበረውም፤ ሣሩን እየነጨ ነው። ቀበሮውም የጭላዳውን ግልገል አይነካም። ይህን የመሰለ ነገር ከአጥንት ማን ያነባል?

እስቲ ይህን አስቡ። ቀይ ቀበሮ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፋ፣ በአጥንቱ ብቻ የምናውቀው እንስሳ ቢሆን ኖሮ? ተመራማሪ ከአንድ ዋሻ የስምንት ቀበሮዎች አጽም ያገኛል፤ ትልቁም ቡችላውም አብሮ። ሩቅ ሳይሄድ ደግሞ የዋልያ አጽም። አንጎሉን ይለካል፤ የተኩላ ወገን ነው። ሠዓሊ ይጠራል። ሥዕሉ ምን ይሆናል? ስምንት ቀይ ቀበሮዎች ዋልያ ከበው ሲጥሉ! መጽሐፍ ላይ ይታተማል፣ ልጆች ያጠኑታል። ሁሉም ማስረጃ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን ከእውነቱ ጋር አይገናኝም። ዳይኖኒከስን የምናይበት መነጽር ይኸው ነው።

ጅብም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ከሌላኛው ወገን ሆኖ። ሃንስ ክሩክ በ1972 ባሳተመው የምሥራቅ አፍሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ያው ጅብ የኑ ግልገል ሲያድን ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ ይሄዳል። የሜዳ አህያ ሲፈልግ ግን አስር ያህል ተሰባስቦ፣ ሌላውን አደን እያየ እያለፈ ይሄዳል። ክሪስቲን ድሬያና አሊሳ ካርተር ደግሞ በ2009 ባሳተሙት ሙከራ ሁለት ጅቦች ሳይሠለጥኑ ሁለት ገመድ በአንድ ጊዜ ስበው ምግብ ማውረድ ችለዋል። ጅብ የሚታሰበውን ያህል ሞኝ አይደለም፤ ተረቱን ብንከልሰው ይሻላል። የምንማረው ግን ያው ነው፦ አንጎሉ አንድ፣ አደኑ ሁለት። የለየው ታዳኙ ነው።

ታዲያ ምን እንበል?

ለጥያቄው አጭር መልስ ለሚፈልግ፦ አንዳንድ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ተባብረው ሊያድኑ ይችሉ ነበር፤ አንጎላቸው አይከለክላቸውም። ማድረጋቸውን ግን እስካሁን የተገኘ ማስረጃ አያረጋግጥም። ዘጋቢ ፊልም «እንደ ተኩላ መንጋ ተማክረው» ሲላችሁ ሠዓሊው እየተናገረ ነው። ተቺ ነኝ ባይም «አንጎላቸው ትንሽ ስለሆነ የማይታሰብ ነው» ሲላችሁ ጉንዳኑንና ፔሊካኑን ጥሩለት።

ለተማሪዎቻችን ደግሞ ጥያቄውን እንቀይርላቸው። «ብልህ ነበር ወይ?» ከማለት ይልቅ እነዚህን እንጠይቅ፦ ምን ይበላ ነበር? የሚበላው ለአንድ ይበቃል ወይስ ለብዙ ይተርፋል? ብቻውን ቢሞክር ይሳካለት ነበር? የገደለውን ከሌላ ቀማኛ ለመጠበቅ ጓደኛ ያስፈልገው ነበር? ልጆቹን ይመግብ ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ጥቅማቸው መልሳቸው በከፊልም ቢሆን በጥርስ፣ በአጥንት ላይ በቀረ የንክሻ ምልክትና በዱካ ላይ መገኘቱ ነው። «ብልህነት» ግን በየትኛውም ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። በየጊዜው የምንሰጠውም ለምናደንቀው ወይም ለምንፈራው ነው። ለራፕተሩ ሰጠነው፣ ለጅቡ ነፈግነው፣ ስለ ቀበሮው ግን ጭራሽ አልጠየቅንም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ጉና ላይም ቀይ ቀበሮ ይኖር እንደነበር በጥናት ተመዝግቧል። የሪብና የጉማራ ወንዞች በሚነሱበት በዚያ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ፣ ጓሳውና ጅብራው መሐል አይጥ ሲያድን ያዩት የሰፈር ሽማግሌዎች አሉ። እርሻው ወደ ላይ እየወጣ፣ ከብቱ እየበዛ፣ ከቤት ውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ እየጨመረ በየተራራው የነበረው ትንሽ ትንሽ ቀበሮ እየተመናመነ ሄደ። የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ መንጋ ሙሉ ጨርሷል፤ አብሮ የሚኖር እንስሳ አብሮ ይሞታልና።

ከአንድ ተራራ ቀበሮ ሲጠፋ አጥንቱ ይቀራል። ጠዋት ሰላም ተባብሎ መበተኑ፣ በጭላዳ መሐል በቀስታ መራመዱ፣ ማታ ተሰብስቦ ቡችላ መመገቡ ግን አይቀርም። ያኔ እሱም እንደ ዳይኖኒከስ ይሆናል፤ የፈለግነውን የምንሥልበት አጽም። ስለ 110 ሚሊዮን ዓመት አዳኝ የምንከራከር ሰዎች፣ ከቤታችን በላይ ያለው አዳኝ በሕይወት ሳለ ሄደን ብናየው የተሻለ ክርክር ይኖረን ነበር።

አጎቴ አሁን አርጅተዋል። ባለፈው ሄጄ የኮምፒውተሩን ተኩላና ሁለቱን ሕግ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ለዚህ ነው እንዴ ፈረንጅ የደከመው?» አሉኝ። «ዱላህን ይዘህ አንድ ቀን በእንተ ስማ ብትል በነገርኩህ ነበር።»